ርካሽ ከተማ ለማን?

ወጣቱ ባለሙያ የሚኖርበትን ከተማ ሲመርጥ ኪሱን ማማከሩ ነውር ነውን? በአዲስ አበባ ደመወዙ ከቤት ኪራይ የማይተርፍለት መምህር ወይም መሐንዲስ፣ ዓባይን ተሻግሮ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ማርቆስ ኑሮ እንደሚቀለው ቢያሰላ የሚነቅፈው አይኖርም። ጤፉ በዙሪያዋ ይታጨዳል፤ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤትም በእግር ይደረሳል።

ይሁን እንጂ ምርጫው ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ይደረግ ነበር። በደርግ ዘመንም «የት ልኑር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የምደባ ደብዳቤ ነበር። ከሁሉም በፊት፣ የጎጃም የቅኔ ተማሪ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ደብረ ኤልያስ ሲገሰግስ የሚጠይቀው መምህሩ ማን እንደሆነ እንጂ እህል በስንት እንደሚሸጥ አልነበረም። (እርግጥ ቁራሹን የሚሰጠው የመንደሩ ሰው ነበርና ስለ ዋጋ አለመጨነቁን የተማሪው በጎነት ብቻ አድርጎ መቁጠር አይገባም።)

በአማርኛ «ረከሰ» የሚለው ቃል የዋጋን መውረድም የክብርን መጉደልም ያመለክታል። ስለዚህ ከተማ ርካሽ ነው ሲባል የረከሰው ለማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጎዛምን ወይም ከስናን ገጠር ለትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ የምትመጣ ልጃገረድ፣ ወላጆቿ በሚልኩላት ስንቅ እየኖረች ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ትከራያለች። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ደመወዝ ለዚያችው ክፍል እጥፉን ሲሰጥ አሁንም እንደ ረከሰችለት ይቆጥራል። ምናልባት በኪራዩ ብቻ የምትተዳደረው ባለቤት እሺ ብትል አትወቀስም። ማንም ማንንም ለመበደል አልተነሣም፤ ልጂቱ ግን ወደ ከተማው ዳር ተገፍታለች። ሰውየው ሊጠየቅ የሚገባው በመምጣቱ ሳይሆን ከእርሱ በፊት በክፍሉ ማን እንደ ነበረ ሳያስብ በመግባቱ ነው።

ነገሩን በሕግ ብቻ መጨረስም አልተቻለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ኪራይን በእጅጉ ዝቅ አድርጎ ለብዙ ድኃ ጣራ አስገኝቷል፤ ነገር ግን በዚያ ኪራይ ማደስ ስላልተቻለ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች በነዋሪዎቻቸው ላይ አረጁ።

መሄድንም እንደ ክህደት ማየት ስሕተት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ ለዘመናዊ ትምህርት አዲስ አበባ ገቡ፤ ኋላም በዲፕሎማትነት ባሕር ማዶ ኖሩ። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃምን ምድር እዚያው ከቀረ ከብዙ ሰው ይልቅ አገልግሏል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ደግሞ የዋጋውን ስሌት አፍርሶታል። መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ባዶውን ሲውል፣ የኪራይ ማነስ ምን ይፈይዳል? እንዲህ ባለ ጊዜ በሥራው የሚቆይ መምህር ወይም አዋላጅ ነርስ ርካሽነትን ፈልጎ ቆየ ማለት አይቻልም። ልጆቹን ይዞ የወጣውንም ፈሪ ማለት ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግን፣ ሰላም በነበረበት ጊዜ ለዋጋው ሲል መጥቶ አሁን ሻንጣውን የሚያስር፣ ለአከራዩ የቀረውን ወር ይከፍላል፤ ለከተማው ያለበት ዕዳ ስንት እንደሆነ የሚነግረው ውል የለም።