ስም የሌለው መቃብር

ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገድ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ በሶዶ ምድር በጢያ ያልፋል። በዚያ 36 ሐውልቶች አሉ፤ በ32ቱም ላይ ሰይፍና ፍቺው ያልተገለጠ ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጿል። የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። ነገር ግን ሊቃውንት ቆፍረው ቢመረምሩ በሥፍራው የሙታን አፅም ተገኘ፤ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ሆነ። ግራኝ የተነሣ በ16ኛው ነውና ድንጋዮቹ ይቀድሙታል። እንግዲህ ስሙንም ሃይማኖቱንም ለማናውቀው ሙት ዕዳ አለብንን?

አንዳንድ ሰው፥ ምድር ለሕያዋን ተሰጠች፤ ለማያርስና ለማይበላ፥ ይልቁንም ለአረማዊ፥ መሬት መተው ከንቱ ነው ይላል። የተራበ ሰው ሲናገረው ቃሉ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አባታችን አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ በኬጢያውያን መካከል መጻተኛ ነበረ። እነርሱ አምላኩን ሳያመልኩ ሙቱን አከበሩለት፤ ከመቃብራቸው የተመረጠውን እንዲወስድ ፈቀዱለት፤ እርሱ ግን ዋሻውን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። አረማዊ የምንለው ለእንግዳ ሙት ይህን ካደረገ፥ እኛ ከእርሱ እናንሳለንን?

ንጉሥ ኢዮስያስም ጣዖት በማፍረስ እጅግ ቀናተኛ ሳለ፥ አንድ የመቃብር ምልክት ባየ ጊዜ የማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ የእግዚአብሔር ሰው መቃብር መሆኑንም ሰምቶ አፅሙ እንዳይነካ አዘዘ። ባይጠይቅ ኖሮ የነቢይ አፅም በተቃጠለ ነበር። ወርቁ ያልተፈታለት ተማሪ ቅኔውን ወደ መምህሩ ይወስዳል እንጂ ብራናውን አይቀድም።

ጢያ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ስለ ገባች ስሟ ይጠብቃታል። በሶዶ ግን እንዲህ ያለ ሥፍራ ወደ 160 ተቈጥሯል፤ ያልታወቀውንስ ጕብታ ማን ይጠብቀዋል? የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 209፥ ቤት ሲሠራ ወይም መንገድ ሲቀድ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ሳይነካ እንዲጠብቅ ያዝዛል። ይህም ሕያው አይሥራ ማለት አይደለም፤ አስቀድሞ ይጠይቅ ማለት ነው። ነገር ግን ሹም ከመድረሱ በፊት ዶማ ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ዳኛ ዶማ የያዘው ሰው ነው።

ሙት አይከስስም፥ ዋጋም አይከፍልም፤ ስለዚህ ለእርሱ የተደረገ ፍርድ ከአድልዎ የነጻ ነው። ካህናትም ይህን ለገበሬውና ለግንበኛው ዛሬ ይንገሩ፤ የተናደ ጕብታ ተመልሶ ቢከመር የተበተነ አፅም ወደ ሥፍራው አይመለስምና።