ያገለገለ ዕቃ ዕዳው የማን ነው?

በመንዝ ደጋ፥ በግሼ ወረዳ ከተማ በራቤል ገበያ የሚውል ሰው ሁለት ዓይነት ዕቃ ጎን ለጎን ሲሸጥ ያያል። አንደኛው ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራው ባናና ዝተት ነው፤ ሁለተኛው ከሩቅ በመኪና ተጭኖ የመጣው፥ ሕዝቡ ሃይላንድ ብሎ የሚጠራው የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ነው። ባናው ከበግ ጀርባ ተሸልቶ፥ በእንዝርት ተፈትሎ፥ በሸማኔ እጅ ተሠርቶ ሰውን ከብርድ ያድናል። ባረጀ ጊዜ ለመኝታ ይነጠፋል፤ ከዚያም በጭነት ሥር በአህያ ጀርባ ላይ ይደረጋል፤ በመጨረሻም በስብሶ ወደ አፈር ይመለሳል። ጠርሙሱ ግን ውሃው ከተጠጣ በኋላ ዘይት ወይም ላምባ ቢያዝበትም ቅሉ፥ በተሰነጠቀ ጊዜ የሚመለስበት አፈር የለውም። በእርሻ ዳር ይወድቃል፤ ጎርፍም ወስዶ በወንዝ ይጥለዋል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ዕቃ አገልግሎቱን በፈጸመ ጊዜ ዕዳው በማን ላይ ነው? በሠራው ነውን፥ በሸጠው ነውን፥ ወይስ በተጠቀመበት?

የጥያቄው ክብደት ይልቁን የሚገለጠው ገበያተኛው ከቶ በማያየው በሌላ ዕቃ ነው። በብዙ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውሃው ወደ ጠርሙሱ ከመግባቱ አስቀድሞ በኃይል ተገፍቶ በስስ የፖሊመር ሽፋን ውስጥ ያልፋል። ይህንንም ባለሙያዎች ሜምብሬን ይሉታል። ቃሉ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ጢሞቴዎስ በጻፈው በሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 4፥ ከመጻሕፍቱ ጋር እንዲያመጣለት የለመነው ብራና በግሪኩ ሜምብራና ተብሎ ተጽፏል። ብራና የሚለውንም የግዕዝ ቃል የቋንቋ ሊቃውንት ከዚሁ ጋር ያዛምዱታል። እንግዲህ ብራናና ሜምብሬን በስም ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ ቃልን ይይዛል፥ ሁለተኛው እድፍን ይይዛል።

ይህ ማጣሪያ በሦስት ንብርብር የተሠራ ነው። ከላይ ያለው ፖሊአሚድ የሚባለው ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ ጨውን የሚያግደው ግን እርሱ ነው። ከሥሩ ፖሊሰልፎን፥ ከዚያም በታች የፖሊስተር ጨርቅ አለ። ሦስቱ አንድ ሆነው እንደ ክርታስ ይጠቀለላሉ፤ በትልልቅ ፋብሪካ የሚገባው ጥቅል ርዝመቱ 1 ሜትር፥ የአፉ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ፥ የጨርቅ ማቅለሚያው ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እንዳይፈስ፥ እንዲህ ባለ ማጣሪያ እየነጻ እንደ ገና ለሥራ እንዲውል ሆኖ ተሠርቷል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ሜምብሬኑ ራሱ ዘላለማዊ አይደለም። ደለልና ጨው እየደፈነው፥ ረቂቃን ነፍሳትም እየወረሩት፥ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዓመት አገልግሎ ይደክማል። ያን ጊዜ በአብዛኛው ዓለም ተጥሎ ይቀበራል። ሌላውን ሲያነጻ የኖረው፥ በመጨረሻ ራሱ እድፍ ተብሎ ይጣላል።

የቀደሙ አባቶች ብራናን እንዲህ አላደረጉትም። ፍየሉ ታርዶ፥ ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ አንድ ቅጠል እስኪገኝ ድረስ ያለውን ድካም ያውቁ ነበርና። መጽሐፍ አርጅቶ በፈረሰ ጊዜ ቅጠሉ ለሌላ መጽሐፍ ጥራዝ መጠበቂያ ሆኖ ሲገባ፥ በብዙ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ዛሬም ይታያል። የፊተኛውን ማዕርግ ቢያጣ ሁለተኛ ማዕርግ ተሰጠው እንጂ በእሳት አልተጣለም።

ለሜምብሬንም እንዲህ ያለ ሁለተኛ ማዕርግ ተገኝቶለታል። በስፔንና በሌሎችም አገሮች ያሉ ተመራማሪዎች እንደ አረጋገጡት፥ ያረጀው ሜምብሬን ልብስ በሚያነጣው በበረኪና ዓይነት መድኃኒት በልክ ቢነከር፥ የላይኛው የፖሊአሚድ ሽፋን ይለቃል። የቀረውም ክፍል ጨውን ማገድ ባይችል ደለልንና ባክቴሪያን ለማገድ ይበቃል። ስለዚህ ለባሕር ውሃ የማይሆነው ለወንዝ ውሃ ወይም ለፍሳሽ ማጣሪያ ይሆናል። ዕቃው ከሥራ ወደ ሥራ እንጂ ከሥራ ወደ ጉድጓድ እንዳይሄድ የሚያደርገውን ይህን ሥርዐት የዘመኑ ሰዎች ዑደታዊ ኢኮኖሚ ይሉታል።

ሁለት ተቃውሞዎች ግን ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፥ ያረጀውን ከማደስ መቅበር ይረክሳል የሚል ነው። መቅበር የሚረክሰው ግን ዋጋውን ሌላ ሰው ስለሚከፍለው ነው። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ ለብዙ ዘመን የተከመረው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። የሞቱት ያን ሁሉ የጣሉት አልነበሩም፤ በአጠገቡ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። እንግዲህ ርካሽ የተባለው ነገር ውድ ሆኖ ተገኘ፤ ሂሳቡ ግን ላልተጠቀመበት ሰው ተላከ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። አሮጌውን ማደስ፥ ሀብታም የተወውን ለድሃ መስጠት እንዳይሆን ያሰጋል። በእውነትም የፋብሪካ ቀለምና መርዝ ሲያጣራ የኖረ ሜምብሬን ታጥቦ ለድሃ መንደር መጠጥ ማጣሪያ ቢላክ፥ ይህ ምጽዋት ሳይሆን በደል ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ማዕርግ ለዕቃው የሚገባው፥ ያለፈ ሥራው ተመርምሮ በታወቀ ጊዜና በሚስማማው ስፍራ ነው። የመጠጥ ውሃ ያጣራ ለእርሻ፥ ፍሳሽ ያጣራ ለፍሳሽ ይሁን። ለራሱ የማይቀበለውን ለባልንጀራው ይበቃዋል የሚል ሰው፥ ቆጣቢ ሳይሆን ንፉግ ይባላል።

አሁን ወደ ፊተኛው ጥያቄ እንመለስ ቢባል፥ መልሱ ከወንጌል አይርቅም። ጌታ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ባጠገበ ጊዜ፥ የተረፈው ቁርስራሽ አንዳች እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ይህን ትእዛዝ የተቀበሉት እነማን ናቸው? በልተው የጠገቡት አይደሉም፤ እንጀራውን ያደሉት ደቀ መዛሙርት ናቸው። ያደለ እርሱ ይሰብስብ የሚለው ሥርዐት ከዚህ ይማሩታል። ተአምር ማድረግ የሚችለው ጌታ ቁርስራሹን ካልናቀ፥ ተአምር የማይችል ፋብሪካ እንዴት ይንቃል?

ዛሬ ግን መሰብሰቡ የቀረው ለድሃው ነው። በየሰፈሩ እየዞረ የሚጮኸው ቆራሌው፥ በመርካቶም ምናለሽ ተራ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ሲቀጠቅጥና ሲለይ የሚውለው ሠራተኛ፥ ሌሎች ያደሉትን ይሰበስባሉ። ሥራቸው የከበረ ነው፤ ዕዳው ግን የእነርሱ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ይህም በጎ ነው። ሆኖም ክልከላ የሚያስቆመው መስጠቱን ነው፤ የተሰጠውን መልሶ መውሰድ ሌላ ግዴታ ነው። የመንዝ አባቶች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የጓሳን ሣር በሥርዐት እየዘጉና እየከፈቱ ያጨዱ ነበር፤ ይኸውም ሥርዐት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቆየ። እነርሱ ለመውሰድ ሕግ ሠሩ፤ ለዚህ ዘመን ደግሞ ለመመለስ ሕግ ያሻዋል።

ይህ እንደማይቻል የሚናገር ሰው ቢኖር ወደ ራቤል ገበያ ተመልሶ ይመልከት። ለስላሳና ቢራ ጭኖ የመጣው መኪና ሲመለስ ባዶውን የመስታወት ጠርሙስ ከነሳጥኑ ቆጥሮ ይወስዳል፤ አንድ ቢጎድል ነጋዴው ይጠየቅበታል። በአጠገቡ የወደቀውን ፕላስቲክ ግን ማንም አይቆጥረውም። መንገዱ አንድ ነው፥ መኪናውም አንድ ነው። የሚለየው አንዱን ባለቤቱ የእኔ ነው ማለቱ፥ ሁለተኛውን ግን ከሸጠ በኋላ የእኔ አይደለም ማለቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ያጣው መንገድና መኪና ሳይሆን፥ ካረጀም በኋላ የእኔ ነው የሚለው ባለቤት ነው።