ሽንት የሚያመልጠው ሰው ከሶላት አይባረርም

 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ብዙዎች በአደባባይ ለመናገር የሚያፍሩበት ነው። ሆኖም ዝም በመባሉ ምክንያት ከዒባዳ የራቀ ሰው በዓይኔ ስላየሁ ዝም ማለቱን አልወደድኩትም።

በሰፈራችን መስጊድ ስለ ጠሃራ ሳስተምር፣ ከሽንት ባለመጠንቀቁ በቀብሩ ስለሚቀጣው ሰው የተላለፈውን ሐዲስ አጥብቄ አንስቼ ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት ልጅ መጥታ «ኡስታዝ፣ እናቴ ከዚያ ትምህርት ወዲህ ሶላት አቁማለች» አለችኝ። ደነገጥኩ። ቤታቸው ሄጄ ሳነጋግራቸው አንገታቸውን ደፍተው፣ ስድስተኛ ልጃቸውን ከወለዱ ወዲህ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱና ጀሪካን ሲያነሱ ሽንት እንደሚያመልጣቸው ነገሩኝ። «ከነነጃሳዬ አላህ ፊት ከምቆም ብተወው ይሻላል ብዬ ነው ልጄ» አሉ።

ጥፋቱ የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነበር። ሐዲሱ የሚያስጠነቅቀው ግዴለሹን ነው። እኔ ግን ስለ ግዴለሹ ተናግሬ፣ ስለ ታማሚው አንዲት ቃል ሳልናገር ነበር የወረድኩት።

ታዲያ ሸሪዓችን ለታማሚው ምን ይላል? ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ) ደም አላቋርጥ ቢላት ሶላት ትተው እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች። እርሳቸውም የወር አበባ ሳይሆን የደም ሥር መሆኑን ነግረው እንድትሰግድ፣ ለየሶላቱም ዉዱእ እንድታደርግ አዘዟት። ዑለማዎች ሽንት የማያቋርጥለትን ሰው ከዚሁ ጋር አያይዘው አይተውታል። ወቅቱ ሲገባ ይታጠባል፣ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ ያደርጋል፣ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል። በመካከሉ ቢያመልጠው ሶላቱ አይበላሽም። በሻፊዒይ መዝሀብ ለየፈርዱ፣ በሐነፊይ ለየወቅቱ ዉዱእ ያድሳል። ይህ ፈቃድ ታጥቦ ለመስገድ የሚበቃ ፋታ ለሌለው ነው። ፋታ ያለው በፋታው ይሰግዳል። እንደ እኚህ እናት አልፎ አልፎ የሚያመልጠው ደግሞ ታጥቦ ዉዱኡን ያድሳል። ሶላት መተው ግን በየትኛውም በኩል የለም።

ከሶሐቦች መካከል የቁርኣን ጸሐፊው ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) በእርጅናቸው ይኸው ችግር እንደደረሰባቸው ተዘግቧል። የቻሉትን ያህል ይታከሙ፣ ሲያሸንፋቸውም ዉዱእ አድርገው ይሰግዱ ነበር። እንግዲህ ትምህርቱ ሁለት ነው፤ መስገድም መታከምም።

መታከሙ ከቤት ይጀምራል። ሽንትን የሚይዙት የታችኛው አካላችን ጡንቻዎች በወሊድ፣ በዕድሜና በውፍረት ይላላሉ፤ በእንቅስቃሴ ግን ይጠነክራሉ። አየር እንዳያመልጠው እንደሚከለክል ሰው ጡንቻዎቹን ወደ ላይ ስቦ መያዝ፣ አምስት ያህል ቆጥሮ መልቀቅ፣ ይህንኑ 10 ጊዜ መደጋገም ነው። ትንፋሽ አይያዝም፤ ሆድም ጭንም አይወጠርም። በቀን 3 ጊዜ፣ ለምሳሌ ከሱብሒ፣ ከዙህርና ከዒሻ በኋላ ቢያደርጉት አይረሳም። ለውጡን ለማየት 3 ወር ያህል መታገስ ያስፈልጋል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንደጋግመው ቡና የሽንት ፊኛን ያነሳሳል፤ ወፍራም ሻይም እንዲሁ። እነርሱን መቀነስ ይጠቅማል። ውኃን ጨርሶ መተው ግን ስህተት ነው። ሽንቱን ያወፍረዋል፣ ፊኛን ያስቆጣል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣል፤ ድርቀትና ማማጥ ደግሞ ጡንቻውን ይጎዳሉ። ስለዚህ ውኃውን ቀን ላይ ከፋፍሎ መጠጣት፣ ከመኝታ 2 ወይም 3 ሰዓት በፊት መቀነስ፣ ጎመን፣ ምስርና ፍራፍሬ ማዘውተር ይበጃል። ክብደት ያለበት ሰው ጥቂት እንኳ ቢቀንስ ይቀልለዋል። ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያጣድፈው ሰው ደግሞ በተወሰነ ሰዓት እየሄደ፣ ልዩነቱን በ15 ደቂቃ ቀስ በቀስ ቢያራዝም ፊኛው ይለምዳል።

ሽንቱ ደም ያለበት፣ የሚያቃጥለው፣ ድንገት የጀመረው ወይም እግሩ የዛለበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይይ። የፕሮስቴት ሕመም፣ ስኳርና ኢንፌክሽንም ይህን ያመጣሉ። ምጥ ጠንቶባት ከወለደች በኋላ ሽንቷ ያለማቋረጥ የሚፈስ እህት ፊስቱላ ሊሆንባት ይችላል፤ ይህም በእንቅስቃሴ ሳይሆን በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ውስጥ የተመሠረተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን በነጻ ይሰጣል።

ለቤተሰብና ለጀመዓውም አንድ ቃል አለኝ። ያ ገጠሬ በመስጊድ ውስጥ ሲሸና ሰዎች ሊጮሁበት ተነሱ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እስኪጨርስ እንዲተዉት አዘው በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውኃ አስፈሰሱበት። አውቆ ለሸናው ይህ ከተደረገ፣ ሳይፈልግ ለሚያመልጠው አፍንጫ መያዝ ከየት የመጣ አደብ ነው?

እኚያ እናት ወደ ሶላታቸው ከተመለሱ ወራት ተቆጥረዋል። ሕመሙ ጨርሶ ባይለቃቸውም ቀንሶላቸዋል፣ አልሐምዱሊላህ። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ጠሃራ ሳስተምር ስለ ታማሚው ሳልናገር ከመቀመጫዬ አልነሳም።

ወላሁ አዕለም።