የሕፃን ዜግነት፦ የወላጆች ሥልጣን ወይስ አደራ?

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ የሚወለድበትን አገርም ሆነ የሚወልዱትን ወላጆች አይመርጥም። ስሙን ሌሎች ያወጡለታል፤ ቋንቋውን ሌሎች ያስተምሩታል፤ የየት አገር ሰው እንደሚባልም ገና አፉን ሳይፈታ ሌሎች ይወስኑለታል። ይህ የመጨረሻው፣ ማለትም የዜግነት ነገር፣ በብዙዎቻችን ዘንድ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ስለሚታሰብ ከግብረ ገብ አንፃር እምብዛም አይመረመርም። እኛ ግን ከአገራቸው ውጭ የሚኖሩ የሕንድ ወላጆችን ሁኔታ እንደ ምሳሌ ወስደን፣ ወላጅ በልጁ ዜግነት ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለመመርመር እንወዳለን።

መንግሥታት ሲወለድ ለሰው ዜግነት የሚሰጡት በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በተወለደበት ምድር፣ ሁለተኛው በትውልድ፣ ማለትም በወላጆቹ ዜግነት ነው። ሁለተኛው መንገድ ጥንታዊ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ሊገረፍ በታሰረ ጊዜ፣ ሻለቃው ሮማዊነትን በብዙ ገንዘብ እንዳገኘ ቢነግረው፣ እርሱ ግን ሲወለድ ጀምሮ ሮማዊ መሆኑን እንደ መለሰለት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ተጽፏል። ከጅራፍ ያዳነው በመወለድ ያገኘው ይህ መብት ነበር። እንግዲህ ዜግነት የክብር ስም ብቻ ሳይሆን ደካማውን ከግፍ የሚጋርድ ጥላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣችው የዜግነት ሕግ በውጭ አገር ለሚወለዱ ልጆች ይህን የትውልድ መንገድ ከፍታለች። ይሁን እንጂ ሕጉ ለረጅም ዘመን የሚመለከተው የአባትን ዜግነት ብቻ ነበር። ሕንዳዊት እናት በውጭ አገር ከሌላ አገር ሰው ብትወልድ፣ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ልጅ በእርስዋ በኩል ዜግነት አይወርስም ነበር። ይህ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 1992 ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ሕንዳዊ መሆኑ ይበቃል። ከዲሴምበር 3 ቀን 2004 ወዲህ ደግሞ ሌላ ግዴታ ተጨምሯል። ልጁ በተወለደ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በሕንድ ቆንስላ ካልተመዘገበ፣ ዜግነቱን የሚያገኘው ማዕከላዊው መንግሥት ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ወላጆችም ልጁ የሌላ አገር ፓስፖርት እንደሌለው በጽሑፍ ያረጋግጣሉ።

የዚህን ግዴታ ክብደት ለመረዳት ሕፃኑ የተወለደበትን አገር መመልከት ያስፈልጋል። ብዙ ሕንዳውያን ለሥራ በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ የባዕድ ልጅ በዚያ በመወለዱ ብቻ ዜጋ አይሆንም። በአገራችንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያስተማሩን የሕንድ መምህራን በአዲስ አበባ ልጅ ቢወልዱ፣ ልጁ በዚህ ምድር በመወለዱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይባልም። እንዲህ ያለው ሕፃን በወላጆቹ አገር መዝገብ ካልገባ፣ በሁለት አገሮች መካከል የማንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ ይነሣል። ወላጆች ለልጃቸው የተሻለ ነገር ለማግኘት ብለው ሆን ብለው ሳያስመዘግቡት ቢቀሩስ? ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በብሪታንያ ሕግ፣ በዚያ አገር የተወለደና ምንጊዜም አገር አልባ የነበረ ልጅ፣ አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ ብሪታንያዊ ሆኖ ለመመዝገብ የሚችልበት መንገድ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከሕንዳውያን ተወልዳ በቆንስላ ያልተመዘገበች ሕፃን ሕንዳዊት ስላልሆነች አገር አልባ ናት ብሎ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ ግን መንገዱን አጠበበው፤ የወላጁን ዜግነት ያለ ችግር ማግኘት የሚችል ልጅ በዚህ በር እንዳይገባ ወሰነ።

ለወላጆቹ መከራከር ይቻላል። አልዋሹም፤ ሐሰተኛ ሰነድ አላቀረቡም፤ ሕጉ የፈቀደውን ተጠቀሙ፤ ያነሣሣቸውም የልጃቸው ፍቅር ነው። ወላጅ ለልጁ መልካሙን መሻቱ ግዴታው እንጂ ነውሩ አይደለም። ስለዚህ እነርሱን ቸኩለን ልንኰንናቸው አይገባም።

ሆኖም አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባናል። ለልጅ ከተከፈቱለት ሁለት በሮች የሚሻለውን መምረጥ አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው በር በርኅራኄ ይከፈት ዘንድ የመጀመሪያውን ሆን ብሎ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ወላጅ ስለ ልጁ ይመርጣል፤ በሁለተኛው ግን የልጁን ጉድለት መሣሪያ ያደርገዋል። እነዚያ አምስት ዓመታት ልጁ የሚታመምባቸው፣ ወላጅ ሊሞትበት ወይም ከአገር ሊባረርበት የሚችልባቸው ዓመታት ናቸው። ተስፋው ቢከሽፍ ዋጋውን የሚከፍለው ያልመከረበት ሕፃን ነው። ሰው በራሱ ዕጣ ላይ ሊደፍር ይችላል፤ በአደራ በያዘው ነገር ላይ ግን እንዲሁ አይደፍርም። በአገራችን ባህል አደራ በላ መባል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን።

የሕንድ ሕግ ራሱ ይህን የአደራ ጠባይ ይጠቁማል። ሕንድ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። ነገር ግን በትውልድ ሕንዳዊ የሆነ ልጅ የሌላ አገርም ዜጋ ከሆነ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ሌላውን ዜግነት ካልተወ ሕንዳዊነቱን ያጣል። እንግዲህ ውሳኔው በመጨረሻ ወደ ልጁ እጅ ይመለሳል ማለት ነው። የወላጅ ተግባር እስከዚያ ቀን ድረስ ምርጫውን ሙሉ አድርጎ መጠበቅ ነው።

በአንፃሩ መንግሥታትም ነፃ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነት በአንቀጽ 7፣ እያንዳንዱ ሕፃን እንደ ተወለደ ወዲያው የመመዝገብና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የወላጅን ስሌት ለመቅጣት ሲባል ልጁን መበደል፣ በደልን በበደል መመለስ ነው። ወላጅ ቢያጠፋ ጥፋቱ የወላጅ ነው፤ ሕፃኑ ግን ከለላ ይገባዋል።

ይህ ነገር ከእኛም ሩቅ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 6፣ ከእናት ወይም ከአባት አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያውጃል። ነገር ግን በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚወልዱ እኅቶቻችን፣ በተለይ ያለ ጋብቻ የወለዱት፣ በፍርሃትና በሐፍረት ልጃቸውን ሳያስመዘግቡ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። መብት በሕግ ቢጻፍም ማስረጃ ከሌለው በሩ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በየቁምስናው ያላችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ዘመድ በውጭ አገር ያላቸው ቤተ ሰቦች ሲያማክሩአችሁ፣ ልጁ በተወለደበት አገር የልደት ምስክር ወረቀት እንዲያወጡለትና ሳይዘገዩ ወደ አገራቸው ኤምባሲ እንዲሄዱ ንገሩአቸው። የጥምቀት ምስክር ወረቀት የተከበረ ሰነድ ቢሆንም ዜግነትን እንደማይተካ አስረዱአቸው። ከሁሉ በላይ ግን እናቲቱን በጥያቄ አታሳፍሩአት፤ እርስዋ ካፈረች ልጁ ሳይመዘገብ ይቀራልና።