ምጽዋት ሊቀበል የሄደ ሰው

በየቀኑ ከምንወጣበትና ከምንገባበት በር ወረድ ብሎ፣ አደባባዩ መካከል አንድ ሐውልት ቆሟል። እኛ ተማሪዎች ቀጠሮ ስንይዝ «ሐውልቱ ጋ» እንላለን እንጂ ቀና ብለን አናየውም። እኔም ከዚያው ነኝ። ዛሬ ግን በሱ ምክንያት የተነሣና እስካሁን ያልተፈታልኝ አንድ ጥያቄ ስላለ ለናንተ ላቅርበው ብያለሁ። ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ቤተሰቤ አንድ ቀን ሽርሽር ወጥቶ ይዞት የተመለሰ ጣጣ ነው።

ቀኑ የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር። ሰኞ፣ የዐቢይ ጾም መግቢያ። ፋሺስቶች አዲስ አበባን በደም ካጠቧት ድፍን 75 ዓመት የሞላበት ዕለት ነው። እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነኝ፣ እኅቴ ስድስት ዓመቷ። የካቲት 12 እንደምታውቁት ሥራ የሚዘጋበት በዓል አልነበረም፤ አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠየቀ፣ እኛ ደግሞ ለትምህርት ቤት «ታመዋል» ተባለልን። (ሰማዕታትን ለማክበር የወጣነው በውሸት ነው ማለት ነው። ይኼን ያስተዋልኩት ግን ካደግሁ በኋላ ነው።) ከሳሪስ በሁለት ታክሲ መጣን። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ያን ጊዜ 82 ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበስ አድርጋ ለብሳለች። እኅቴ የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች። በአንድ ታክሲ ውስጥ አንዷ ለቀብር፣ አንዷ ለበዓል የምትሄድ ይመስል ነበር። አባቴ ደግሞ ነገሩ ሲያልቅ አንበሳ ግቢ ሊያስገባን ቃል ገብቶልናል፤ እውነቱን ለመናገር እኔና እኅቴ የመጣነው ለአንበሳው ነው።

ሥነ ሥርዓቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማርሽ ባንድ፣ ንግግር፣ የአበባ ጉንጉን። ጎፈር የደፉና ሜዳይ የደረደሩ አባት አርበኞች። ቆሎ ሻጭ። እኔ ንግግሩን ትቼ ሐውልቱ ላይ ያሉትን የነሐስ ቅርጾች ሳይ ቆየሁ። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሯቸው ናቸው፤ የሚወድቅ ሰው፣ የሚተኩስ ወታደር፣ የተረፈረፈ ሬሳ ይታያል። ከነዚያ ሰዎች መካከል ቅድመ አያቴን ፈለግሁት። ምክንያቱም እኔ «ቅድመ አያቴ ስድስት ኪሎ ላይ ከጠላት ጋር ተዋግቶ የተሠዋ አርበኛ ነው» ብዬ ክፍል ፊት ቆሜ የተናገርኩና የተጨበጨበልኝ ልጅ ነኝ። ደረቱን የነፋ አንዱን መረጥኩና ለእኅቴ «ያውና እሱ ነው» ብዬ አሳየኋት።

ሕዝቡ ሲበተን አባቴ እኅቴን ይዞ የአንበሳ ግቢ ቲኬት ሊቆርጥ ሄደ። አያቴ እግሯን ስላመማት እኔ ከሷ ጋር ቀረሁና ድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ሆና ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ታያለች።

«እማማ፣ ቅድመ አያቴ ስንት ጣሊያን ገደለ?» አልኳት።

ፈገግ አለች። «አባዬ? አባዬ እኮ ሊዋጋ አይደለም የሄደ፣ የኔ ጌታ።»

እንዲህ ነበር ያለችኝ፤ ቃሏን በተቻለኝ መጠን እንደነበረ አስቀምጠዋለሁ። «ያን ለት ዓርብ ነው፣ ሚካኤል። አባዬ እግሩን ድንጋይ ሰብሮት ሥራ ከተወ ቆይቷል። ድኻ ሁሉ ግቢ ይምጣ፣ ብር ይሰጣል ተባለ። ለሰው ሁለት ሁለት ማርትሬዛ። እማዬ ‹የጠላት ብር ምን ያደርግልናል› አለችው። ‹ልጂቱ ራቁቷን ናት› አላት። ራቁቷን የተባልኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ወስዶ ቀሚስ ሊገዛልኝ። በቃ፣ ዱላውን ይዞ ሄደ።» ከዚያ ወዲያ ያለውን ባጭሩ ነው የተናገረችው። ቤት ሲቃጠል እሷና እናቷ በጓሮ ወጥተው ወደ እንጦጦ እንደሸሹ፣ ሬሳውም እንዳልተገኘ። «ብቻ፣» አለች፣ «ብሩ ደርሶት ይሁን ሳይደርሰው አላውቅም። እስካሁን የማስበው እሱን ነው።»

አባቴ ለካ ቲኬቱን ይዞ ከኋላችን ቆሟል። ፊቱ ተለዋውጧል።

«እማዬ፣ ይኼ አሁን ለልጅ የሚወራ ነው?»

«ምን አጠፋ?»

«አላጠፋም። ግን...»

«ካላጠፋ ታዲያ ምን ያሸማቅቅሃል?»

አንበሳውን አየነው፤ ተኝቶ ነበር። እስከ ሳሪስ ድረስ ማንም ለማንም አልተናገረም።

ታሪኩን ለምታውቁት መድገም እንዳይሆንብኝ ባጭሩ ላስታውስ። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለተወለደለት፣ እንደራሴው ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለት ዛሬ እኛ የምንማርበት ግቢ ውስጥ፣ ለድኾች ምጽዋት አደርጋለሁ ብሎ አዋጅ አስነገረ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የጣሉት እዚያ ላይ ነው። ግራዚያኒ ቆሰለ። ወታደሮቹ ወዲያው በግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ውስጥ የታረደው የታረደው። በኢትዮጵያ በኩል የሟቹ ቁጥር 30 ሺህ ይባላል፤ ኢያን ካምቤል የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ዘመኑን ሙሉ መርምሮ ወደ 19 ሺህ ይገምታል። አባቴ ይኼን ሁለተኛውን ቁጥር ስነግረው 11 ሺህ ሰው የሰረቅሁት ያህል ተቆጣኝ። እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች ብዙዎቹ ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ናቸው። ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ሽማግሌው፣ የኔ ቅድመ አያት።

ለመሆኑ ይኼ ሰው ሰማዕት ነው?

የዶርም ጓደኛዬ፣ ክርክር የሚወድ ልጅ ነው፣ «አይደለም» ይለኛል። «ሰማዕትነት ምርጫ ነው። ጊዮርጊስን ካድ አሉት፣ አልክድም አለ፣ ሞተ። ያንተን ቅድመ አያት ማን ምን ጠየቀው?» ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተ ልሔም ሕፃናት አነሣሁበት፤ እነሱንም ማንም ምንም አልጠየቃቸውም፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ከሰማዕታት ቆጥራቸዋለች። ትንሽ አሰበና፣ «ልክ ነህ፤ ሕፃናቱ ግን ከሄሮድስ እጅ ሊቀበሉ አልተሰለፉም» አለኝ።

ይቺ መልስ እንቅልፍ ነሥታኛለች። ክፋቷ ደግሞ አባቴ በልቡ የሚላት እሷኑ መሆኗ ነው። የሚያፍረው ለዚህ ነዋ!

እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። አብርሃ ደቦጭ ራሱ ለጣሊያን መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ነበር። የጠላትን ደመወዝ እየበላ ነው ቦምብ የጣለው። እኛም ለዚህ አንወቅሰውም፣ እንዲያውም ጀግንነቱን ያጎላልናል። ታዲያ ደመወዝ የበላውን በመጨረሻ ባደረገው ስንመዝነው፣ ሁለት ብር ሊቀበል የሄደውን ለምን በሁለት ብሩ እንመዝነዋለን? መልሱ ግልጽ ነው፤ አንደኛው ድርጊት ስላለው፣ ሌላኛው ረኀብ ብቻ ስላለው። ረኀብን እንደ አቋም እንቆጥረዋለን። ልጁ ራቁቷን የሆነችበት ሰው አቋም ያለው አይመስለኝም፤ ያለው ልጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ አልፈው እንደሆነ ፈሪ ልባል ነው። ቦምቡ ሲጣል ድኾቹ እዚያው እንደተሰበሰቡ የታወቀ ነው። ደሙ በገዳዩ እጅ ነው፣ ከዚያ ውጪ የሚል ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን በዚያ ግቢ ውስጥ የመረጡም ነበሩ፣ ሌላ ሰው የመረጠላቸውም ነበሩ። ሐውልቱ ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ድሮ ይኼ መልካም ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለድኻው የጀግናውን ካባ ማልበስ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ? አሁን ግን ካባው የሚሸፍነው ምንድን ነው እላለሁ። ቅድመ አያቴን ለማልቀስ ስንል ከእጁ ሁለት ብሩን ወሰድንበት። አንካሳ እግሩን አስተካከልንለት። ደረቱን ነፋንለት። ከዚያ በኋላ አለቀስንለት። ታዲያ ያለቀስነው ለማን ነው?

እስቲ አስቡት። የአንድ ሰው መገደል ግፍ እንዲባል ሟቹ ጀግና መሆን ካለበት፣ ጀግና ያልሆነውን መግደል ቀለል ያለ ነገር ነው ማለታችን አይደለም? ፋሺስቱም እኮ ሲተኩስ ያሰበው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። እሱም ሰውየው ማን እንደሆነ ካየ በኋላ ነው ዋጋ የሚሰጠው።

ይኼ የድሮ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በየዶርማችን የሞተ ሰው ወሬ ሲመጣ የምንጠይቀውን ታስታውሳላችሁ። «የማን ወገን ነው?» «እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?» ነፍስ ይማር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ከመጣ። እኔም ጠይቄያለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ ጓደኛችን አጎት ሲነገረን «ምን ሊሠራ ሄዶ ነው?» ብዬ በአፌ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ጓደኛችን ቀና ብሎ አየኝና «ጤፍ ሊገዛ» አለኝ። ያን ጊዜ ነው አያቴ ትዝ ያለችኝ።

በነገራችን ላይ፣ እኛ ሐውልቱ ጋ ቆመን በነበረበት በዚያው በ2004 ዓ.ም.፣ በነሐሴ ወር፣ ጣሊያን አገር አፊሌ በምትባል ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተመርቆለታል። ለሱም የሚነገረው ተነገረ፣ የማይነገረው ቀረ። የገደለውን ከስሙ ላይ አራግፈው አነጹት። ገዳዩ ከነሥራው እንዲታወስ የምንሻ ከሆነ፣ ሟቹም ከነረኀቡ መታወስ አለበት ብዬ ብከራከር አያቴን የማስደስታት ይመስለኛል። እሷ ከኔ ይበልጥ በቀላሉ ነበር የምትለው፤ ምን አጠፋ?

አያቴ በ2008 ዓ.ም. ዐረፈች። እኔ ወደዚህ ግቢ ከተመደብኩ በኋላ አባቴ አንድ ቅዳሜ ሊጠይቀኝ መጣ። ግቢውን አሳየሁት፤ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የጥናት ተቋሙን ሙዚየም፣ ከፊቱ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ። እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት እንዲሆን ጣሊያኖች እንደሠሩት፣ ጫፉ ላይ ያለው አንበሳ በኋላ በንጉሡ ዘመን እንደተቀመጠበት ነገርኩት። ብዙም የሰማኝ አልመሰለኝም። ዙሪያውን ያያል።

«በየት በኩል ነበር የሚሰጡት?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ብሩን።»

ከደረጃው ፊት ወዳለው ሜዳ አመለከትኩት፣ እዚህ ግድም ይመስለኛል አልኩት። እሱም ባርኔጣውን አወለቀና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ሄደበት፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያነክስ ሰው።