ፊልሙን ያየ ሰው ምን ይበል?

አሊዩ አምባ የሩቅ ወሬ ሲራገፍባት የኖረች ከተማ ናት። ከአንኮበር ግርጌ፣ ደጋው ወደ አፋር ሜዳ በሚያዘቀዝቅበት ላይ ተቀምጣ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎችን ትቀበል ነበር። ጨውና ጨርቁ ሲወርድ ከባሕር ማዶ የተሰማውም አብሮ ይወራ ነበር። ዛሬ የባሕር ማዶው ወሬ ቅፍለት አይጠብቅም፤ በዲሽ፣ ከጓደኛ በተዋሱት ፍላሽ፣ በእጅ ስልክ ቤት ድረስ ይገባል። ማታ የታየው ድራማ ጠዋት በትምህርት ቤት ደጃፍና በሻይ ቤት ይወራል። ምን ማየት እንደሌለበት ለወጣቱ ብዙ ተነግሮታል። ያየውን እንዴት እንደሚናገር ግን የመከረው ታላቅ ጥቂት ነው።

ከተማዋ ራሷ በሁለት ተመልካቾች ተጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ፣ ስጦታ አስጭኖ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። በዓመቱ ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሐኪም መጥቶ አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ፣ በወባ እየተንቀጠቀጠ ከነዋሪው ጋር ኖረ። የሁለቱም መጻሕፍት በ1844 ታተሙ። አንዱ ሸዋን ያየው በአጀብ መካከል ሆኖ ነው፤ ሌላው ከጎረቤት ደጅ። አንባቢ ሁለቱን የሚመዝነው እያንዳንዳቸው ከየት ሆነው እንዳዩ ሲያውቅ ነው።

ስለ ፊልም የሚናገር ወጣትም ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው። ሁለት ክፍል ብቻ አይቶ ከሆነ ሁለት ክፍል ማየቱን ይናገር። ስልኩን እየነካካ ያየው ከሆነ፣ ወይም ቲክቶክ ላይ የተቆራረጠውን ብቻ ከሆነ፣ እሱንም ይናገር። አስተያየት ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ የት ቆሞ እንዳየ መናገር አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ ሳይሆን የታየው ነገር ነው። «አሪፍ ነው» እና «ይደብራል» የሚሉት ሁለት ቃላት የብዙ ወጣቶችን ንግግር ይዘውታል፤ ሁለቱም ስለ ፊልሙ የሚነግሩት ነገር የለም። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ በድርቁ ዘመን ትሞትበታለች፤ አባቱ ዘመድ ቤት ያስቀምጠውና ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። የልጁ ጓደኛ አንዲት በግ ናት፤ አጎቱ ለበዓል ትታረድ ይላል። ኤፍሬም ደግሞ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ ይችልበታልም፤ ይህ ለአጎቱ አሳፋሪ ነው። ይህን ያየ ወጣት «ቀስ ይላል፣ ደበረኝ» ቢል መብቱ ነው። ነገር ግን «ልጁ ምድጃው ዳር ሲቀመጥ የአጎቱ ፊት ሲጠቁር አየሁ፤ እኛ ቤት ወንድሜ ሽንኩርት ቢከትፍ ምን ይባል ይሆን?» ብሎ ቢጀምር እናትም አባትም ታናሽም የሚሉት ያገኛሉ። ፊልሙን ያላየው ጎረቤት እንኳ ይገባበታል።

እውነተኛ ታሪክ ላይ የቆመ ፊልም ሲሆን ጥንቃቄው ይበረታል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድላለች፤ ጠበቃዋ ያለ ክፍያ ትቆምላታለች። የጠበቃዋ ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከመዓዛ አሸናፊ ነው፤ እሳቸውም ኋላ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ስለዚህ ፊልም የሚከራከር ወጣት ሕጉን ቢያውቅ ክርክሩ ሌላ ይሆናል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት መንገድ ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን ዘጋ፤ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድንም። ክሱ የታየው በአሮጌው ሕግ ዘመን እንደነበር ያላወቀ ተመልካች በዳኞቹ ማመንታት ብቻ ይናደዳል፤ ያወቀው ግን ጠበቃዋ ምን እንደገጠማት ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ ነገር አለ። ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ ሊመረቅ ተመልካቹ ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ የራሷ ሕይወት የተሳለባት ሴት ፈቃዴን አልተጠየቅሁም ብላ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው ብሎ ማመስገንና ባለታሪኳ ልትጠየቅ ይገባ ነበር ብሎ መቆርቆር አብረው ይሄዳሉ። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚችል ወጣት ስለ ሌላም ጉዳይ ቢናገር ይደመጣል። እዚህ ላይ ታላላቆች ወጣቶችን አጥብቀው ሊመክሩ ይገባል፤ ከፊልሙ ጀርባ በሕይወት ያለች ሰው አለች።

ስለ ተዋናይም እንዲሁ ነው። «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ተጫወተ፤ ብዙ ቤት ውስጥ አስናቀ እንደ እውነተኛ ጠላት ተጠልቷል። ያ ጥላቻ የተዋናዩ ችሎታ ውጤት ነው። ክፉ ሰው ሆኖ የተጫወተን ሰው ስልክ ላይ መስደብ፣ ልጆቹንም በዚያ ስም መጥራት ነውር ነው።

ከቃና ቴሌቪዥን ወዲህ የቤት ውስጥ ክርክሩ ሰፍቷል። ጣቢያው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ወደ አማርኛ የተመለሱት የውጭ ድራማዎች፣ በተለይ የቱርኮቹ፣ አገሩን አዳረሱ፤ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም ገበያችን ሊጠፋ ነው ብለው ተቃወሙ። ዛሬም ወጣቶች የአገራችንን ድራማ ከቱርኩ እያስተያዩ ሲያጣጥሉ ይሰማሉ። ማስተያየቱ አይከለከልም፣ ግን ፍትሐዊ ይሁን። የካሜራውን ጥራትና የቤቶቹን ውበት ብቻ የሚቆጥር ሰው ገንዘብን ነው ያወዳደረው። ንግግሩን ያወዳድር፤ ሰዎቹ ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ሲያለቅሱ እንደ ሰው ይናገራሉ ወይ ብሎ ይጠይቅ። በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» የብዙዎችን ልብ የያዘው በገጠሩ ሰው አነጋገርና በሰዎቹ መካከል ባለው ፍቅር ነው። በሌላ በኩል፣ የጽሑፍ ትርጉም ማንበብ የማይችሉ አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር አንድ ድራማ ላይ እኩል የተቀመጡት በድምፅ ትርጉሙ ምክንያት ነው። የቱርኩን ተዋናይ ስም የሚያውቅ ወጣት በአማርኛ ያናገረውን የአገሩን ልጅም ስም ፈልጎ ቢጠራ ደግ ነው።

መጨረሻውን አለማውራትም ጨዋነት ነው። መብራት ጠፍቶባት ክፍሉ ያመለጣት እህት፣ ወይም በእንግዳ ምክንያት ያላየች እናት፣ ማን እንደሞተ በር ላይ ቆሞ በሚጮህ ልጅ ደስታዋን መነጠቅ የለባትም። «አይተሽዋል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የሁሉም ከባዱ ከታላቆች ጋር አብሮ አይቶ መነጋገር ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በዓመቱ ደግሞ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። አንበርብር ጀርመን ተምሮ ወደ ደርግ ዘመን ኢትዮጵያ ይመለሳል፤ ታሪኩ በትዝታ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይዘላል። ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው ግራ ቢጋባ አያስደንቅም፤ «አልገባኝም» ማለት ሐቀኛ አስተያየት ነው፣ ያልገባውን ቦታ ለይቶ ከጠቀሰ። ጎኑ የተቀመጡት ጋሼ ወይም እትዬ ግን ያን ዘመን ኖረውታል። ልጆችን ለጦርነት የሚያፍሱት ታጣቂዎች ሲመጡ ዝም ካሉ፣ ወጣቱ እዚያው ስክሪኑ ፊት አያስጨንቃቸው። ሌላ ቀን፣ ቡና ሲጠጣ፣ «ያኔ እዚህ እንዴት ነበር? ፊልሙ የተወው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ ፊልሙን ደግሞ ቢያየው፣ መጀመሪያ የሰጠውን አስተያየት ቢለውጥም ለውጫለሁ ብሎ በግልጽ ቢናገር፣ በአሊዩ አምባ ሻይ ቤትም ሆነ በቤቱ የሚታመን ተናጋሪ ይሆናል።