የሞተን ሕግ ስለ መቅበር

ሕግ የተሠራው ለሊቁም ለመሃይሙም መንገድ ይሆን ዘንድ ነው። መንገዱ ተለውጦ ሳለ የአሮጌው ምልክት ካልተነሣ ግን መንገደኛውን ያሳስታል፤ ይልቁንም ጠያቂና መካሪ የሌለውን ድኻ።

አንዳንዶች የቀደመውን ሕግ መሻር አባቶችን መናቅ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው። የቀደመውን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ አባት ልጁን ቢድር፥ ሕግን የጠበቀ እየመሰለው ልጁን ይበድላል።

ብዙ ዐዋጆች ግን በመጨረሻቸው ይህን የሚቃረን ሕግ ሁሉ አይጸናም ብለው ያልፋሉ እንጂ የተሻረውን በስሙ አይጠሩትም። እንዲህ በሆነ ጊዜ የሕግ አውጪው ድካም በባላገሩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን የ1949 ዓ.ም.ን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስሙ ጠርቶ ሽሮታል፤ መልካም አደረገ።

እንግዲህ አዲሱን ማወጅ የሥራው እኩሌታ ነው፤ እኩሌታው የሞተውን በስሙ ጠርቶ መቅበር ነው። አባቶቻችንንም ስናከብራቸው በክብር እንቀብራቸዋለን እንጂ በሕያዋን መካከል አናስቀምጣቸውም።